በአያ ደረሰ ላይ ያልሠራው ኪኒን

ሰኞ ጠዋት፣ ገዳሪፍ

ከገዳሪፍ የተነሣሁት ተናድጄ ነው። መንገደኛ ሲነሣ ስለ አየሩና ስለ ስንቁ ያወራል፤ እኔ ግን ከዚያ ጉዞ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ንዴቴ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አጎቴ አያ ደረሰ ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ እንዳለባቸው ከተነገረን ስድስት ወር ሆኗል። በየሦስት ወሩ ዶካ ድረስ ኪኒን እልካለሁ፤ ባዶው ማሸጊያ በቀኑ ይመለስልኛል። አንድ ፍሬ አይጎድልም፣ አንድ ፍሬ አይተርፍም። በሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃቸው አጥሯል፣ ያ ሳቂታ ፊታቸው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ደርቋል። በስልክ ምን እንደሚሰማቸው ስጠይቅ «ደኅና ነኝ» ይሉኛል። ደኅና ያልሆነ ሰው ደኅና ነኝ ሲለኝ እንዴት እንደምቃጠል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ትርንጎ እባላለሁ፤ ገዳሪፍ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የወባ ደም ስመረምር አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ። አያ ደረሰ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከአርማጭሆ ወደ ሱዳን ስንሰደድ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ድንበሩን የተሻገርሁት በእሳቸው ትከሻ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ያ ትከሻ ሸሚዝ ለመልበስ ሰው ይለምናል። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሐኪማቸው በጦርነቱ ከካርቱም ተፈናቅላ ገዳሪፍ የገባች፣ እኛው ክሊኒክ የምታክም የነርቭ ሐኪም ናት። እንደኔው ቁጡ ናት። ቅዳሜ ወደ ፖርት ሱዳን ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ሻንጣዋን ሸክፋለች፤ እሷ ከሄደች በኋላ እንዲህ ያለውን በሽታ እዚህ ማን እንደሚለይልን አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ጠርታኝ፣ አጎትሽ ስድስት ወር ሙሉ በትክክል ወስደው ለውጥ ከሌለ በሽታቸው ምናልባት ሌላ ነው አለችኝ። ይህን ስትል ፊቴን አይታ ሳይሆን አይቀርም፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ገልብጣ በጀርባው የባቄላ ፍሬ የመሰለ ነገር ሣለችልኝ። ውስጡ በተጣጠፉ መስመሮች የተሞላ ነው። ማይቶኮንድሪያ ይባላል አለች።

ቃሉን ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ተገናኝተን አናውቅም። በየህዋሳችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ብዙ አሉ፤ ከምንበላውና ከምንተነፍሰው ህዋሱ የሚኖርበትን ኃይል የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አንጎል ውስጥ ደግሞ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴያችንን የሚገራልንን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ህዋሳት አሉ። እነዚህ ቅርንጫፋቸው የበዛ፣ ሌት ተቀን የማያርፉ፣ ብዙ ኃይል የሚፈልጉ ናቸው። ፓርኪንሰን በያዘው ሰው አንጎል ውስጥ የእነዚህ ህዋሳት ማይቶኮንድሪያ ይታወካል። ኃይሉ ያንሳል፣ ህዋሱን የሚጎዳ ተረፈ ነገር ይበዛል፣ የተበላሸውን ማይቶኮንድሪያ ለቅሞ የሚያስወግደው አሠራርም ይሰንፋል። ህዋሱ ቀስ በቀስ ይሞታል። መንስኤው ይህ ብቻ ነው ባይባልም ከዋናዎቹ አንዱ ነው አለችኝ።

ታዲያ ይህ ኪኒን ማይቶኮንድሪያውን ይጠግናል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አይጠግንም። የሚጠግን መድኃኒት እስካሁን የለም። ኪኒኑ የሞቱት ህዋሳት ማምረት ያቃታቸውን ዶፓሚን ይተካል እንጂ ከዚያ አያልፍም። የተሰበረውን እያዩ፣ ሥዕሉን እየሣሉ፣ መጠገኛ የለውም ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው። እሷም የተናደደች ትመስል ነበር።

«ሙሉ ኪኒን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ አንቺው በእጅሽ ስጫቸው» አለችኝ። «ከአንድ ሰዓት በኋላ እጃቸውንና እርምጃቸውን እይ። ሐሙስ ውጤቱን ንገሪኝ። ያኔም ለውጥ ከሌለ ኪኒኑን አስቆማለሁ።»

አስቆማለሁ ማለት በቃ ማለት ነው። ሌላ የሚሞከር የለንም። ችግሩ ገዳሪፍ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ይህን ኪኒን ካጡት ቆይተዋል፤ የምናገኘው ከመተማ በኩል ገላባት ያለ አንድ ነጋዴ ሲያስመጣልን ነው። የአያ ደረሰ ደግሞ ሊያልቅ ጥቂት ፍሬ ነው የቀረው። ስለዚህ ዶካን አልፌ ገላባት፣ ከገላባት ተመልሼ ዶካ፣ ከዚያ እስከ ሐሙስ ገዳሪፍ መግባት ነበረብኝ።

የገላባት መንገድ

ሃፍላው፣ ሚኒባሱን ማለቴ ነው፣ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ታሪፉ ካለፈው ጉዞዬ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ሾፌሩን ብጠይቀው ናፍጣውን ጠይቂው አለኝ። ክረምቱ ገብቷል። ከከተማው ስንወጣ ጥቁሩ ሜዳ ለምልሟል፤ ሰሊጡ ከጉልበት በታች ነው፣ ማሽላው ገና መደዳውን ማሳየቱ ነው። ከመንገዱ አጠገብ ሰዎች ታንከር በጀርባቸው አዝለው የአረም መርዝ ይረጫሉ። አፋቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ አስረዋል፤ እግራቸው ባዶ ነው። ነፋሱ ሽታውን ወደ እኛ አመጣው። ሁሉም መስኮት ዘጋ፣ ከዚያ በሙቀት ታፈንን፣ ከዚያ ሁሉም መስኮት ከፈተ። ይህን እስከ ዶካ ሦስት ጊዜ ደጋግመነዋል።

ዶካ ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ ወረቀት አምጡ ተባለ። የመኖሪያ ፈቃዴን ስመዝ የዶክተሯ ሥዕል አብሮ ወጣ። ወታደሩ ገለጠው፣ አዞረው፣ እንደገና አዞረው። ጦርነት ባለበት አገር በእጅ የተሣለ ነገር ይዞ መሄድ ብልህነት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዙሪያውን ድርብ መስመር፣ ውስጡን የተጣጠፈ ቦይ፤ ምሽግ ይመስላል። የማን ምሽግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምሽግ አይደለም፣ በሰው ገላ ውስጥ ያለ ነገር ነው አልሁት በዐረብኛ፤ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

አለቃው ተጠራ። ለአለቃውም ስለ ህዋስ፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ዶፓሚን አስረዳሁ፤ ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፣ ተሳፋሪው በመስኮት ያጉረመርማል። አለቃው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ጨርሶ ሰማኝ።

«ይህ በእኔም ራስ ውስጥ አለ?» አለ።

አለ አልሁት፤ ለቁጥር የሚያታክት። ቆቡን አንሥቶ ራሱን ዳበስ አደረገና ወረቀቱን መለሰልኝ። ሃፍላው ውስጥ ስገባ ከኋላዬ የተቀመጠች የሽንኩርት ነጋዴ፣ ሌላ ጊዜ ሥዕልሽን ቤትሽ ትተሽ ነይ አለችኝ። አልመለስሁላትም።

ገላባት የደረስሁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ኪኒኑን የሚያስመጡልን ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሳሙናና ባትሪ የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ሱቋ ተዘግታለች። ቀብር ሄደዋል አሉኝ። ፊት ለፊት ካለች ፉል ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፉሉ በሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነበር፤ ዳቦው ግን ከባለፈው አንሶ በግማሽ ነው የመጣው፣ ዋጋው እንደ ሙሉ። ድልድዩ ላይ ሰው ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፣ ከመተማ በኩል በርበሬና ቡና የያዙ ሴቶች ይገባሉ፣ እኔ የሰው ቀብር እስኪያልቅ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

ሐጂ ኑሩ ዐሥር ሰዓት ላይ መጡ። ኪኒኑን ከሳሙናው ሥር አወጡልኝ፤ ሦስት ካርቶን። ሒሳብ ዘግተን ልነሣ ስል፣ የረሱት ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ጣታቸውን አነሡ።

«ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ከዶካ መጥቶ ይህንኑ ኪኒን ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «ረጅም ሱዳኒ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ባዶ ካርቶን ይዞ ነው የመጣ። ካርቶኑ ላይ ያንቺ ጽሕፈት አለ፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ የሚል። ያለኝ የትርንጎ ትዕዛዝ ብቻ ነው ብየ መለስሁት።»

ካርቶኑ የአያ ደረሰ ነው። አያ ደረሰ አጭር ናቸው፣ ሱዳኒም አይደሉም። ታዲያ ኪኒናቸው ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። ማን አወጣው? ቤቱ ውስጥ ያሉት ዐዋቂዎች እሳቸውና ልጃቸው ያልጋነሽ ብቻ ናቸው። ያልጋነሽ ሦስት ልጆች አሏት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ሀዋታ ከሄደ ቆይቷል፣ ኑሮ ከብዷታል። ይህን ሁሉ ደማምሬ ፍርዱን እዚያው ሱቅ በር ላይ ሰጠሁ። ሸጣዋለች።

ማክሰኞ፣ ዶካ

ገላባት ከማውቃቸው ሰዎች ዘንድ አድሬ በማግሥቱ ሎሪ ላይ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሁሉ ለያልጋነሽ የምላትን ስደረድር ነበር። ዶካ ገበያ ላይ ወርጄ ካሮ፣ የአህያ ጋሪውን፣ ተከራየሁ፤ መንደሩ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ተተከለ። ወርጄ በእግሬ ስሄድ ጭቃው አንድ ጫማዬን ያዘ፤ ስጎትተው ጫማው ቀረ እግሬ መጣ። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ በያዝሁት ንዴት ላይ ሌላ ጨምሬ ግቢው ገባሁ።

ያልጋነሽ ከጭድ ጥላው፣ ከራኩባው ሥር ኪስራ ትጋግራለች። ስታየኝ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ እግሬን ልጠብሽ አለች፣ ውሃ ቀዳችልኝ። ውሃውን ጠጥቼ ጣሳውን ስመልስ የቀዳችበትን ጀሪካን አየሁት። ሰማያዊ ነው። ጎኑ ላይ የተላጠ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ የራስ ቅል ከነአጥንቱ።

ይህ የምን ጀሪካን ነው አልኋት። የአባየ ነው፣ ከማሽሩዑ፣ ከእርሻው ያመጡት፣ አለችኝ። መርዝ ነበረበት፤ በኦሞ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች። ስንት ዓመት ሆነው? ስድስት። እናቷ በሕይወት ሳሉም ይህን የመሰለ ነበራቸው።

ቢላዋ ከኪስራው አጠገብ አንሥቼ ጀሪካኑን ከታች ወጋሁት። ውሃው በጭቃው ላይ ፈሰሰ። ያልጋነሽ አፏን ይዛ ቀረች። ዶካ ውስጥ ጠንካራ ጀሪካን ስንት እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልተጸጸትሁም። በዚያው ትኩሳት ላይ ሆኜ የመጣሁበትን ጠየቅኋት። የአባትሽን ኪኒን ለማን ነው የምትሸጭው?

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አላፈሰሰችውም።

«እትየ፣ እኔ የአባቴን መድኃኒት ሸጬ በላሁ?» አለች። «ወላሂ ነገሩን አውቀዋለሁ። ግን እንዳልናገር አስምለውኛል። ሲመጡ ራሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። እኔም ጫማዬን ማጠብ ያዝሁ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባል የለ፤ ያን ቀን የመታሁት ዳዋ ማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አያ ደረሰ መጡ። ብቻቸውን አይደሉም። አጠገባቸው ረጅም፣ ጠይም፣ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ አሉ። ሁለቱም በዚያ በአጭር በአጭር እርምጃ፣ እግራቸውን ከመሬቱ ሳያላቅቁ ይመጣሉ። የሽማግሌው እጅ የአያ ደረሰን እጅጌ ይዟል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። አያ ደረሰ አንቺ ልጅ መጣሽ ብለው ራሴን ሳሙኝ። ፊታቸው ሳይስቅ ዓይናቸው ብቻ ሳቀ። ዓም አደም ይባላሉ አሉ፣ ሽማግሌውን እያሳዩኝ፤ ሸሪኬ ናቸው። ዓም በሱዳኖች አጎት ማለት ነው።

ያልጋነሽ ወተት በሁለት ብርጭቆ አመጣች። አያ ደረሰ፣ እኔ ከመጣሁ ወዲያ መደበቁ ያበቃ ይመስል፣ ከኪሳቸው አንድ ኪኒን አወጡ፣ በዱካው፣ በበርጩማው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፣ ቢላዋ ጠየቁ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ኪኒኑን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ለዓም አደም ሰጡ። ግማሹን ወደ አፋቸው ሰደው በወተት አወራረዱት።

«አያ፣ ምን ማድረግዎ ነው?» አልሁ።

«መድኃኒቴን መውሰዴ ነዋ።»

«ግማሹስ?»

«ግማሹ የአደም ነው።»

ስድስት ወር ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ለዚህ ነው ፍሬው የማይጎድለው፣ ለዚህ ነው ማሸጊያው በቀኑ የሚመለሰው። የተናገርሁትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ብዙ ነው፣ የማላፍርበትም አይደለም። ግማሽ ኪኒን ለአንዳቸውም እንደማይበቃ፣ ወተቱም የቀረውን ግማሽ እንደሚሻማው፣ በዚህ ምክንያት ሐኪሟ መድኃኒቱን ልታስቆም እንደሆነ፣ ሰው ያልታዘዘለትን ኪኒን መዋጥ አደጋ እንደሆነ ነገርኋቸው። ያልጋነሽ ኪስራዋን እየገለበጠች ትሰማለች። ዓም አደም አማርኛ ይሰማሉ፤ አንገታቸውን ደፉ።

«ሃያ ሁለት ክረምት ያን መርዝ እኩል ተሸክመናል» አሉ አያ ደረሰ። «መድኃኒቱ ሲመጣ ለብቻየ ልዋጠው?»

ከዚያ አሠራራቸውን ነገሩኝ። እርሻው ላይ መርዝ የሚረጩ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዱ ታንከሩን ያዝላል፣ ሌላው መርዙንና ውሃውን በበርሜል ይቀላቅላል፤ በርሜሉ ሲያልቅ ይለዋወጣሉ። ጓንት አልነበረም፤ የሚማሰለው በክንድ ነው። ሸሪክ የተባለ ሰው ደሞዙን፣ ምሳውን፣ ሲጋራውን ሳይቀር ከእኩሌታው ያካፍላል። አንዱ ቢታመም ሌላው የሠራውን ግማሽ ቤቱ ድረስ ያደርስለታል። ይህን ያፈረሰ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ሸሪክ አያገኝም። ዓም አደም መንቀጥቀጥ የጀመሩት ከአያ ደረሰ አንድ ዓመት ቀድመው ነው። ልጆቻቸው በጦርነቱ ተበታትነዋል፤ ሐኪም ዘንድ የሚወስዳቸው አልነበረም። ገላባት ድረስ ባዶ ካርቶን ይዘው የሄዱትም የሸሪካቸውን ግማሽ መብላት ከብዷቸው፣ የራሳቸውን ሊገዙ ነበር።

ንዴቴ በረደ ብል ውሸት ነው። ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ጠፋው።

ኪስራው ተበልቶ ካበቃ በኋላ ያንን ወረቀት አውጥቼ ነገሩን ላስረዳቸው ሞከርሁ። ኬላ ላይ ተለማምጄው ስለነበር ተሳካልኝ። ያልጋነሽ ቡና ያፈላችበትን የከሰል ምድጃ፣ ካኑኑን፣ አሳየኋቸው። ደኅና ከሰል ሙቀት ይሰጣል፤ የተበላሸ ከሰል ሙቀቱ ያንስና ጭሱ ይበዛል፤ አመዱ ካልተጠረገ ደግሞ ምድጃው ይታፈናል። አንጎላችሁ ውስጥ ያሉት ህዋሳት ምድጃቸው እንዲህ ሆኖባቸዋል አልኋቸው። አያ ደረሰ ካኑኑን ብዙ ጊዜ አዩት። መርዙ ነው ያበላሸው ብለው ጠየቁኝ። በአንድ ሰው ላይ ይህ ነው ብሎ የሚምል ሐኪም የለም፤ እርሻ ላይ ከሚረጩት መርዞች ግን አንዳንዶቹ ልክ ይህንኑ ምድጃ እንደሚመቱ ይታወቃል አልሁ። የእናንተው የትኛው እንደነበር አላውቅም፤ ወረቀቱ ተልጧል።

ዓም አደም አመዱን የሚጠርግ ኪኒን የለም ወይ አሉኝ በዐረብኛ። የለም። ከሰሉን የሚቀይርስ? እሱም የለም። ታዲያ ሐኪሞቹ ምን ይሠራሉ አሉ። እኔም ከሰኞ ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ የሌለ ኪኒን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ያለው ኪኒን እንኳ በቅጡ አልተዋጠም አልኋቸውና ወረቀቴን አጠፍሁ።

ረቡዕ

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ወተት የለም። በዚህ ጉዞ ሳልለፋ የተሳካልኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። አያ ደረሰ ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ኪኒን አልቀምስም አሉ። ለበሽተኛ መድኃኒት ጾም እንደማያስፈታ ቄሱ ራሳቸው እንደነገሯቸው ያልጋነሽ ካላስታወሰቻቸው ኖሮ ጠዋቱን በክርክር እንፈጀው ነበር። ይህን ስትናገር ከእኔ ጋር ከተኳረፍን ወዲህ መጀመሪያዋ ነው።

አንድ ሙሉ ኪኒን በእጄ ሰጠኋቸው። ቢላዋውን ቀድሜ ደብቄዋለሁ። ዓም አደም ራኩባው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ሰዓቴን ያዝሁ። ሩብ ሰዓት፣ ምንም። ግማሽ ሰዓት፣ ምንም። ሐኪሟ ልክ ብትሆንስ? ሃምሳ ደቂቃ ሲሆን አያ ደረሰ ከገመድ አልጋው፣ ከአንገረቡ፣ ማንም ሳይዛቸው ተነሡ። ግቢውን አቋርጠው እስከ በሩ ሄዱ፤ እግራቸው ከመሬት ይነሣል። ተመለሱ። ሸሚዛቸውን ከላይ እስከ ታች ቆለፉት፤ ሰባት ቁልፍ። ያልጋነሽ ሰባተኛውን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አለቀስሁ፤ ምን አስደብቆኝ።

አያ ደረሰ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። ዝም ብሏል። ከዚያ ዓም አደምን አዩ። ዓም አደም እየሳቁላቸው ነው፣ የእሳቸው እጅ ጉልበታቸው ላይ ይዘላል። አያ ደረሰ የተረጋጋውን እጃቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«አሁን ለአደም ስጭው» አሉኝ።

ያልተመረመረ ሰው ላይ ዝም ብዬ እንደማልሰጥ ነገርኋቸው። እንግዲያውስ የቀኑን እኔም አልውጥም አሉ። የተቀጠቀጠ ብረት ቢታጠፍ እሳቸው አይታጠፉም፤ ሃያ ሁለት ክረምት ታንከር ያዘሉ ሰው ናቸው። አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ። ሐሙስ ሁለቱንም ይዤ ገዳሪፍ ልገባ።

ከሰዓት በኋላ ዶካ ወርጄ ሁለት አዲስ ጀሪካን ገዛሁ። ያልጋነሽን ይቅር በይኝ አልኋት። ጀሪካኖቹን አገላብጣ አይታ፣ ያኛው ይበልጥ ነበር አለችኝ፤ ይቅርታዋ መሆኑ ነው።

ሐሙስ፣ ወደ ገዳሪፍ

ሁለት ፓርኪንሰን ያለባቸው ሽማግሌዎች ሃፍላ ላይ ማሳፈር ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አንዱ ደረጃው ላይ እግሩ ይተከልበታል፣ ሌላው አብሮት ይቆማል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባው የባሰ ያደርቃቸዋል። ወርጄ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያልሁ ማዘዝ ጀመርሁ፤ ሐኪሟ ምት ሲሰሙ እግራቸው ይፈታል ብላኝ ነበር፣ እውነትም ተፈታ። ተሳፋሪው አብሮ አንድ ሁለት አለ። እዚያው ኬላ ላይ ያ አለቃ አወቀኝ። ባለ ምሽጓ መጣች ብሎ ሳያስወርደን አሳለፈን።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሟ ካርቶን እያሰረች ነበር። ሁለቱን ስታይ እጇን ከገመዱ አነሣች። ጣት በጣት አስመታች፣ ክንድ አጠፈች፣ ኮሪደሩ ላይ አስኬደች፣ ወረቀት ላይ አስጻፈች። ዓም አደም ስማቸውን በዐረብኛ ሲጽፉ ፊደሉ ወደ መጨረሻው እንደ ጉንዳን አነሰ። ግማሽ ግማሽ መዋጣቸውን፣ ሙሉው ኪኒን ረቡዕ እንደሠራም ነገርኋት።

«ኪኒን ሸሪክ አያውቅም» አለቻቸው። «ሙሉውን ይፈልጋል።»

የአያ ደረሰ መድኃኒት አልቆመም። ለዓም አደምም ያው በሽታ ይመስላል ብላ ሙሉውን መጠን ጻፈችላቸው፤ ለሚተካት ሐኪምም ደብዳቤ ተወችልኝ። ስለ መርዙ ጠየቅኋት። ላረጋግጥልሽ አልችልም፣ አልደነቀኝም ግን፣ አለች። ያን የባቄላ ሥዕል መልሼ ልሰጣት ስል አንቺ ያዢው አለችኝ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ብዙ ሰው አስተምረሽበታል።

ዓርብ ጠዋት፣ ቤቴ

ቤቴ ገባሁ። ጉዞው ያስተማረኝን ጻፊ ብባል ይህን እጽፋለሁ። የታመመውን ማይቶኮንድሪያ የሚጠግን ኪኒን የለም፤ ያለው ኪኒን በገላባት ሳሙና ሥር ነው፤ እሱም በወተት አይወሰድም። ባለ ራስ ቅሉ ጀሪካን ሃያ ጊዜ ቢታጠብ ውሃ አይያዝበትም። ቆጥሮ መመለስ መዋጥ ማለት አይደለም። ሰውን ደግሞ ሳይጠይቁ መፍረድ እኔን የመሰለ የተማረ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። ለሦስት ወር የያዝሁት ኪኒን አሁን ለሁለት ሰው ወር ተኩል ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ጭቃው ሳይደርቅ ያንኑ መንገድ እንደገና ልሄድ ነው። ሳስበው አሁንም ያስቆጣኛል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔ ዘንድ አድረዋል። ለየራሳቸው ካርቶን ሰጥቻቸዋለሁ፤ በአንዱ ላይ ደረሰ፣ በሌላው ላይ አደም ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። ቁርስ ሳይቀርብ በፊት፣ በውሃ ብቻ፣ አንዳንድ ሙሉ ኪኒን፣ ብዬ ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ።

ጠዋት ውሃ ይዤ ወደ ግቢው ስወጣ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አያ ደረሰ ከራሳቸው ካርቶን አንድ ኪኒን አውጥተው ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ለዓም አደም ሰጡ። ዓም አደም ከራሳቸው ካርቶን አንድ አውጥተው፣ ያንኑ ቢላዋ ተቀብለው፣ ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ለአያ ደረሰ ሰጡ። ሁለት ሁለት ግማሽ በመዳፋቸው ይዘው ውሃውን ጠበቁኝ።

ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ልክ ነው። ውሃውን ቀዳሁላቸው።